የበረዶ ስንጥቅና ከሰማይ የሚጠብቀው ዐይን

በምድር ደቡብ ጫፍ በአንታርክቲካ፣ በየብስ ላይ የተከማቸው በረዶ በገዛ ክብደቱ እየተገፋ ወደ ባሕር ይወርድና ከየብሱ ሳይለይ በውኃው ላይ ተንሳፎ ይዘረጋል። ይህም ተንሳፋፊ በረዶ ለግንብ እንደ ተሠራ ድጋፍ ሆኖ ከኋላው ያለውን ያግደዋል። ድጋፉ የፈረሰ እንደ ሆነ የየብሱ በረዶ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ባሕሩም ከፍ ይላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ላርሰን ቢ ከተባለው በረዶ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰባብሮ በጠፋ ጊዜ፣ ከኋላው የነበሩት የበረዶ ጅረቶች መፍጠናቸው ተለክቶ ታውቋል። ከዚህ በታች የተጻፉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ለማወቅ ስንጥቁን ዘወትር መጠበቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚያ አገር ክረምት ፀሐይ ለብዙ ሳምንት አትወጣም፤ ደመናውም ብዙ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ሳተላይት በሚባለው ሰው ሠራሽ ጨረቃ ይረዳሉ። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ከ2014 ጀምሮ ያሰማራቸው ሴንቲኔል 1 የተባሉት ሳተላይቶች የሚሠሩት በራዳር ነው። ራዳር የራዲዮ ሞገድ ወደ ምድር ልኮ የሚመለሰውን ስለሚቀበል ጨለማም ደመናም አይከለክለውም። በተለያየ ቀን የተነሡትን ሁለት ሥዕሎች አስተያይተው ቢመረምሩ፣ የበረዶው እንቅስቃሴ በሳንቲ ሜትር የሚቈጠር ቢሆን እንኳ ይታወቃል።

ጥቅሙም በሥራ ተገልጧል። እንግሊዞች ብረንት በተባለው ተንሳፋፊ በረዶ ላይ በ1956 ሀሊ የተባለ የምርምር ጣቢያ አቋቁመዋል። በ1985 የኦዞን መሳሳት ለዓለም የተገለጠው በዚህ ጣቢያ በተሰበሰበው ልክ ነው። በ2012 ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ጸጥ ብሎ የኖረ ስንጥቅ መንቀሳቀስ እንደ ጀመረ በሳተላይት ታየ። አለቆቹም «ገና ነው» ብለው አልተቀመጡም። የጣቢያው ቤቶች በትልልቅ የበረዶ መንሸራተቻ ላይ የቆሙ ነበሩና፣ በትራክተር እየተጐተቱ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ የብሱ ራቁ። በኦክቶበር 2016 ሌላ ስንጥቅ ስለ ተገኘ፣ በክረምቱ ጨለማም ሰውን ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ከ2017 ጀምሮ ሠራተኞቹ ክረምቱን በዚያ እንዳያሳልፉ ታዘዘ። በጃንዋሪ 2023 ስንጥቁ ዳር ደርሶ 1,550 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል በረዶ ተገንጥሎ ሄደ፤ የሰው ሕይወት ግን አልጠፋም፤ ጣቢያውም ዳነ።

እንግዲህ ልብ ማድረግ የሚገባን ይህ ነው። ሳተላይት ስንጥቁን ያሳያል እንጂ አይጠግነውም፤ የሚገነጠልበትንም ቀን ቈርጦ አይናገርም። ከታየው ምልክት እስከ ፍጻሜው ከዐሥር ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሰውን ያዳነው፣ የሊቃውንቱን ወሬ ሰምቶ በጊዜው ትእዛዝ የሰጠ ሹም መኖሩ ነው። ማስጠንቀቂያ የያዘ ወረቀት በመዝገብ ቤት ቢቀመጥ ግን ካልተጻፈ አይሻልም። ጻድቁ ኖኅም መርከቡን የሠራው ዝናሙ ሳይጀምር ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ የተባለው የአባቶቻችን ምክር በበረዶው አገርም እውነት ሆኖ ተገኝቷል።