ባሕር ያለ ስንቅና ያለ ስሌት አይገባም

በደሴና በኮምቦልቻ፣ በዙሪያቸውም ባሉ የደቡብ ወሎ ወረዳዎች «በባሕር ሄደ» የሚለው አነጋገር ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልጁ በባቲና በሚሌ በኩል ወርዶ ጅቡቲ መግባቱን፣ ከኦቦክ ዳርቻ በትንሽ የሞተር ጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ማምራቱን ሰሚው ሁሉ ይረዳዋል። ስለ ደላላው ክፍያ፣ ስለ በረሃው ሙቀትና ስለ ድንበሩ በየቤቱ ብዙ ይወራል። ስለ ባሕሩና ስለ ጀልባው ግን እምብዛም አይወራም። ደገኞች ስለሆንን አይፈረድብንም። ብዙዎቻችን በዓይናችን ያየነው ሰፊ ውኃ ከደሴ በስተሰሜን ያለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ነው። እርሱንም ቢሆን በታንኳ የተሻገርነው ጥቂቶች ነን።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እናነሳለን። ባሕርን የሚያውቅ ሰው በትንሽ ጀልባ ዳርቻ ለዳርቻ የቀናት ጉዞ ለማድረግ ሲነሳ ምን ያዘጋጃል? መልሱን ስናውቅ ደላላው «ትንሽ መንገድ ናት» የሚላትን ጉዞ በትክክለኛ ሚዛን መመዘን እንችላለን።

የቀደሙት እንዴት ተሻገሩ?

ኢስላምና የሐበሻ ምድር የተገናኙት በባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ስደተኛ ሰሃቦች ከሹዐይባ ወደብ ተነስተው ወደ ነጃሺ አገር የመጡት በሁለት የነጋዴ መርከቦች ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች በግማሽ ዲናር እንደተሳፈሩ ይተርካሉ። መርከቦቹ መንገዱን የሚያውቁ፣ በዚያው ባሕር ለንግድ የሚመላለሱ ነበሩ። ሰሃቦቹ የሸሹት ከቁረይሽ ግፍ ቢሆንም፣ የተሳፈሩት ግን ሥራውን ከሚያውቅ ባሕረኛ ጋር ነው።

ባሕሩ ግን ለአዋቂም ቢሆን ሁልጊዜ አይታዘዝም። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ከሃምሳ ከሚበልጡ ወገኖቻቸው ጋር ከየመን ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለመሄድ ሲሳፈሩ መርከቧ ወደ ሐበሻ ምድር እንደጣለቻቸው በሰሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። በዚያም ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ.) አግኝተው አብረው ቆዩ። ወደ መዲና የደረሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተበት ጊዜ ነው።

አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት ለሐጅ የሚነሱ የአገራችን ሰዎችም ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወርደው በሳምቡክ ይሻገሩ ነበር። የቀይ ባሕር ናኹዳ፣ ማለትም የጀልባው አዛዥ፣ ዳርቻውን ተከትሎ ቀን ቀን እየተጓዘ ማታ ማታ መጠለያ ባለው መርሳ ውስጥ መልሕቁን ይጥላል። በውኃው ውስጥ የተደበቀው የኮራል ዓለት በጨለማ አይታይምና። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ ዓረብ ባሕረኛ አሕመድ ኢብን ማጂድ ስለ ባሕር ጉዞ በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ የመጨረሻውን ክፍል ለቀይ ባሕር ብቻ መስጠቱ ይህ ባሕር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ያመለክታል።

የአዋቂው ስሌት

የዛሬው ባሕረኛም በሞተር ጀልባ ለቀናት ሲጓዝ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። የባሕር ካርታውን ዘርግቶ መንገዱን በቀን በቀን ይከፋፍላል። ለእያንዳንዱ ቀን የሚያድርበትን ወደብ ይወስናል። ከዚያም በፊት፣ ነገር ቢበላሽ የሚገባበትን ሌላ መጠለያ ያስባል። መድረሻውን በፀሐይ ብርሃን እንዲሆን አድርጎ የመነሻውን ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል።

ቀጥሎ ነፋሱን ያያል። ባብ አል-መንደብ በጠባቡ በኩል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስሙ ግን በዓረብኛ «የለቅሶ በር» የሚል ትርጉም አለው። ሁለት ባሕሮች የሚገናኙበት ጠባብ በር በመሆኑ ነፋሱም ሆነ የውኃው ጅረት እንደ ቧንቧ ተጨምቆ ያልፍበታል። ከጥቅምት ገደማ እስከ ግንቦት ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ቀይ ባሕር ይገፋል፤ በክረምታችን ወራት ደግሞ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። ነፋስና ጅረት ፊት ለፊት ሲገናኙ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ትንሽ ጀልባን የሚገለብጠው እንዲህ ያለው ማዕበል ነው። ስለዚህ አዋቂው ሁለት ሦስት ቀን ወደብ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። መጠበቅ የጉዞው ዕቅድ አንዱ ክፍል እንጂ ፍርሃት አይደለም።

ሦስተኛው ነዳጅ ነው። በዚህ ላይ በባሕረኞች ዘንድ የታወቀ ደንብ አለ፤ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛው ለመጠባበቂያ። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ሂሳብ ሥሩት። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲነዳ በሰዓት ወደ 15 ሊትር ይበላል። የአምስት ሰዓት መንገድ 75 ሊትር ነው። በደንቡ መሠረት መያዝ ያለበት 225 ሊትር ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ አምስቱ ሰዓት ስምንት ይሆናል፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይጨምራል።

አራተኛው ጭነት ነው። እያንዳንዱ ጀልባ የሚሸከመው መጠን ተወስኖለታል። ነዳጁና የመጠጥ ውኃውም በጭነቱ ይቆጠራሉ። የጀልባው ጠርዝ ወደ ውኃው በቀረበ ቁጥር ትንሿ ማዕበል ወደ ውስጥ ትገባለች። የገባው ውኃ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል፣ ሰዎችም ደንግጠው ወደ ሌላው ጎን ሲሮጡ ጀልባው ይገለበጣል።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ የሕይወት አድን ጃኬት፣ በሙቀቱ ልክ የተለካ የመጠጥ ውኃ፣ ሬዲዮ፣ መለዋወጫና የእጅ ባትሪ ይኖራል። ከሁሉ በላይ በየብስ የቀረ አንድ ሰው የጉዞውን መስመርና የመድረሻውን ሰዓት ይዞ ይጠብቃል። ሰዓቱ ካለፈ ፍለጋ እንዲወጣ የሚጮኸው እርሱ ነው።

የደላላው ጀልባ

አሁን ከኦቦክ ዳርቻ የሚነሳውን ጀልባ በዚህ መለኪያ እንየው። ጠረፍ ጠባቂን ስለሚፈራ የሚነሳው በጨለማ ነው። ብዙ ሰው ብዙ ገንዘብ ነውና ከልክ በላይ ይጫናል። የሕይወት አድን ጃኬት የለም። ጀልባው የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሳ የሚያውቅ ዘመድ ስለሌለ ቢጠፋ የሚጮህለት አይገኝም። ነጂውም ተሳፋሪውን ዳርቻ ሳያደርስ እንዲዘል የሚያስገድድበት ጊዜ አለ።

የሆነውን እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በኦቦክ አካባቢ ጎዶሪያ በተባለው ሥፍራ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በመጋቢት 2021 አሸጋጋሪዎች ጀልባው ከበደ ብለው በርካታ ተሳፋሪዎችን ወደ ባሕር ወረወሩ። በሚያዝያ 2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ጅቡቲ ዳርቻ ላይ ተገልብጠው 38 እና 24 ሰዎች አለቁ። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጀመሪያ ከየመን የሚመለሱ 310 ሰዎች ዳርቻ ሳይደርሱ ከሁለት ጀልባዎች እንዲዘሉ ተገደው ከ40 በላይ ሞቱ። በነሐሴ 2025 ደግሞ በየመን አብየን ዳርቻ 157 ሰዎችን የጫነ ጀልባ ሰጠመ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በዚህ በምሥራቁ መስመር በ2024 ብቻ 558 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል፤ ከእነዚህ የሚበዙት የሞቱት በጀልባ አደጋ ነው። ያልተመዘገበውን አላህ ያውቀዋል።

ለወላጆችና ለወጣቶች

በየዓመቱ መስከረም ላይ ስም ስንጠራ መልስ የማይሰጡ ተማሪዎች አሉ። ልጁን የሚያስነሳው ስንፍና አይደለም። የመሬት ማነስ፣ የሥራ መጥፋት፣ ከሳዑዲ የተላከ ገንዘብ የሠራው የጎረቤት ቆርቆሮ ቤት ነው። ስለዚህ «አትሂድ» ብቻ ማለት አይበቃም። በሬ ሸጦ ለደላላ የሚከፍል አባት ያንን ገንዘብ ለልጁ ሙያ ወይም መነሻ ለማድረግ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ይምከር። ውጭ አገር መሥራት የግድ ከሆነም በሕጋዊው የሥራ ስምሪት የሚወስደው ጊዜ ያሰለቻል እንጂ አያሰጥምም።

«የአላህን ውሳኔ ማን ያስቀራል?» ብሎ ለደላላ እጅ መስጠት ተወኩል አይደለም። ግመሉን ፈትቶ በአላህ ሊመካ ያሰበውን ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስራት ማዘዛቸውን ከመድረሳ ጀምሮ ሰምተነዋል። የባሕረኛው ካርታ፣ የነፋስ ጥበቃውና ሦስት ቦታ የተከፈለው ነዳጁ የታሰረችው ግመል ናቸው።

ስለዚህ ደላላ በር ሲያንኳኳ ቤተሰቡ አምስት ነገር ይጠይቀው። ጀልባው ስንት ሰው ይችላል? ስንት ሰው ይጫናል? ነፋሱ ቢበረታ የት ይጠለላል? ለልጄ የሕይወት አድን ጃኬት አለ? ቢዘገይ ማን ይፈልገዋል? ለእነዚህ መልስ ለሌለው ሰው ልጅ አይሰጥም። አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በየብስም በባሕርም ይጠብቅልን፤ በአገራቸው በረካ ያለው ሪዝቅ ይወፍቃቸው። አሚን።