ብራሰልስ ላይ ትራክተር ወጣ፤ ከመርሐቤቴ ማን ይውጣ?

ዓለም ከተማ ጀርመን ውስጥ እኅት ከተማ አላት፤ ሙኒክ አጠገብ ያለችው ፋተርሽቴተን። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ የዚያ አካባቢ ገበሬዎች የናፍጣ ድጎማ ሊቀነስብን ነው ብለው በትራክተር መንገድ ዘጉ። ጥር 23 ቀን ደግሞ ከ1,000 በላይ ትራክተሮች ብራሰልስ ገቡ። ቪዲዮውን ሳታዩት አልቀራችሁም። በአምስተኛው ቀን የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን የፀረ ተባይ ኬሚካልን በግማሽ ሊቀንስ የነበረውን ረቂቅ ሕግ እንደሚስቡ ተናገሩ።

ታዲያ በበሬ አርሶ፣ ጤፉን በአህያ ጭኖ ገበያ የሚወጣውን የመርሐቤቴ ገበሬ ይሄ ምን አገባው?

በደንብ ያገባዋል። በ1999 ዓ.ም. አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። ኅዳር 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ ሆላንድ ውስጥ አይጸናም ብሎ ጣለው። ደስ ይላል። ግን የተካሰሱት ሁለት የአውሮፓ ኩባንያዎች ነበሩ፤ የእኛ ገበሬ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረም።

አሁን ከዚያ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። አባል የሚሆን አገር ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ቀረጡ ከዚህ አይበልጥም ብሎ ጣሪያ ይፈርማል። ለምሳሌ የስንዴ ጣሪያ 10 በመቶ ቢሆን፣ የዓለም ዋጋ ሲወድቅ መንግሥት እንዳሻው 30 ላድርገው ማለት አይችልም። የደጋው ስንዴ አምራች የሚፎካከረው ደግሞ ከኅብረቱ በጀት አንድ ሦስተኛ ገደማ ለግብርና ከሚመደብለት የአውሮፓ ገበሬ ጋር ነው።

እርግጥ እኔም ዳቦ ገዢ ነኝ፤ ርካሽ ስንዴ አልጠላም። አባልነቱንም አልቃወምም። የምለው ሌላ ነው፦ ጣሪያው ከመፈረሙ በፊት ለየትኛው እህል ስንት እንደታሰበ በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም ይውጣ፤ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችም ይጠየቁ። የአውሮፓ ተደራዳሪ ቁጥር ሲጽፍ ትራክተሩ ትዝ ይለዋል። የእኛ ተደራዳሪስ ማን ትዝ ይበለው? እናንተ ገጠር ቤተሰብ ካላችሁ፣ በዓል ስትሄዱ ይህን ጉዳይ አንሱላቸው። ቢያንስ እየተደራደርንላቸው መሆኑን ይወቁ።