መድኃኒቱ ሲለወጥ መርዙም ተለወጠ

መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው መጠኑ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ መድኃኒት መጻፋችን ድፍረት ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን ኪኒኑ በየመኝታ ክፍላችንም ስለሚገኝ ነገሩን ለሐኪሞች ብቻ ልንተወው አይገባንም።

የአእምሮና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም ሐኪም በብዛት የሚያዘው መድኃኒት በተለወጠ ቍጥር የመመረዙም መልክ መለወጡ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ባርቢቹሬት በተባሉት የእንቅልፍ መድኃኒቶች ዘንድ የሚያስተኛውና ትንፋሽ የሚያቆመው መጠን የተቀራረቡ ነበሩ፤ በዚህም ምክንያት በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰው ሞተባቸው። በ1960 ሊብሪየም፥ በ1963 ቫሊየም ወጡ። እነዚህ ቤንዞዲያዜፒን የተባሉት ለብቻቸው ሲወሰዱ አደጋቸው ያነሰ ነበርና፥ ሐኪሞች ባርቢቹሬትን ማዘዝ ሲቀንሱ ሞቱም ዐብሮ ቀነሰ።

ነገር ግን አደጋው አልጠፋም። በአሜሪካ ቤንዞዲያዜፒን የተገኘበት የመድኃኒት መመረዝ ሞት በ1999 ከነበረበት 1,135 በ2017 ወደ 11,537 ከፍ አለ። በአብዛኛው ዐብሮት ሞርፊንን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ ተገኝቷል፤ ሁለቱም ትንፋሽን ያደክማሉና። አልኮልም እንደዚሁ ነው። ለድብርት ከሚሰጡትም መካከል እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት አሮጌዎቹ መጠናቸው ሲያልፍ የልብን ምት ያውካሉ፤ በ1987 በአሜሪካ የተፈቀደው ፍሉኦክሰቲን በዚህ ረገድ ይሻላል።

በአገራችን ግን አሚትሪፕቲሊንም፥ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው የባርቢቹሬት ወገን ፌኖባርቢታልም ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። ብዙ ሰው ያዳኑ ናቸውና አይነቀፉም፤ ፈርቶ በድንገት የሚያቋርጣቸውም ሕመሙ ይብስበታል። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ ለጓደኛ የታዘዘውን ለፈተና ጭንቀት ብለን አንዋስ፤ ከመጠጥ ጋር አንቀላቅል፤ ልጆች በማይደርሱበት ቈልፈን እናስቀምጥ። ጓደኛችን ከመጠን በላይ ወስዶ እንደ ሆነ «ይተኛ፥ ይለቀዋል» አንበል፤ ወተት ማጠጣትና በግድ ማስመለስም አይበጅም። የመድኃኒቱን ዕቃ ይዘን ወዲያው ሆስፒታል እናድርሰው። ኑሮ የከበደው ጓደኛም ካለ ብቻውን አንተወው፤ ቀርበን እንጠይቀው፤ ወደ ሐኪምም አብረነው እንሂድ።