የአካባቢ ተለዋዋጮችና የቀጥታ ግንኙነት፦ የጅቡቲ አፋርኛ መለያ እንደ ማሳያ

በአንድ የጋራ መዝገበ ቃላት ላይ በርካታ ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ አንዱ ያስገባው ፍቺ ወዲያውኑ በሌላው ማያ ገጽ ላይ የሚታየው በቀጥታ ግንኙነት አማካይነት ነው። ይህ ጽሑፍ ግንኙነቱ ከፕሮግራሙ ውጭ በሚሰጡ ማስተካከያዎች እንዴት እንደሚመራ ያብራራል። በጅቡቲ ከተማ በሚተከል ሰርቨር ላይ አንዲት አጭር የቋንቋ መለያ በግእዝ ፊደል የተጻፈውን መረጃ ልታበላሽ የምትችልበትን መንገድም ያሳያል።

በተለመደው የድረ ገጽ አሠራር አሳሹ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ በዚያም ጉዳዩ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደረጃ የወጣለት ዌብሶኬት ግን አንድ ጊዜ የተከፈተውን መስመር ሳይዘጋ ያቆየዋል፤ ሁለቱም ወገኖች በፈለጉት ጊዜ መልእክት ይልካሉ። ደረጃው የጽሑፍ መልእክት ሁሉ በዩቲኤፍ-8 እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ከዚህ ውጭ የሆነ ጽሑፍ የደረሰው ወገን ግንኙነቱን ያቋርጣል።

ለእንዲህ ያለው ግንኙነት የሚያስፈልጉት የሰርቨር አድራሻ፣ የበር ቁጥር፣ የመረጃ ቋት የይለፍ ቃልና የጥበቃ ጊዜ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ አይጻፉም፤ ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ከስርዓተ ክወናው በሚያነባቸው የአካባቢ ተለዋዋጮች ይሰጣሉ። ተለዋዋጮቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ ስሪት ጀምሮ ያሉ ናቸው። ለሥነ ልሳን ባለሙያ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ «እዚህ» የሚለው ቃል ቋሚ ፍቺ እያለው የሚያመለክተውን ቦታ ከንግግሩ አውድ እንደሚያገኝ ሁሉ፣ ፕሮግራሙም ሳይለወጥ የሚገናኝበትን ሰርቨር ከአካባቢው ያገኛል።

የዚህ ጥቅም በጅቡቲ ጎልቶ ይታያል። ከተማዋ ሲኮም፣ ኢሲና ኤኤኢ-1ን የመሳሰሉ የባሕር ሥር የፋይበር መስመሮች ማረፊያ ናት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮምና ኤኤኢ-1ን ጨምሮ መስመሮች ተቆርጠው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ አድራሻው በተለዋዋጭ የተሰጠ ከሆነ፣ ሥራውን ወደ ሌላ ሰርቨር ለማዛወር አንድ መስመር ለውጦ ፕሮግራሙን እንደገና ማስነሣት ይበቃል።

ከተለዋዋጮቹ አንዱ ግን ከሥነ ልሳን ባለሙያዎች የተለየ ትኩረት ይሻል፤ እርሱም ሎኬል የሚባለው የቋንቋና የአገር መለያ ነው። በሊኑክስ ላይ የሚሠራው የጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ ለአፋርኛ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የጅቡቲ መለያዎች አሉት። የኢትዮጵያውና የኤርትራው መለያ ሌላ ነገር ሳይጨመርበት ዩቲኤፍ-8ን ያመለክታል። የጅቡቲው ግን «ዩቲኤፍ-8» የሚል ቅጥያ ካልተጨመረበት የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ የያዘውን አይኤስኦ-8859-1ን ያመለክታል። በሶማልኛም በጅቡቲውና በኢትዮጵያው መለያ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ቋንቋው አንድ ሆኖ ሳለ ድንበሩ ሲቀየር የፊደሉ አቀማመጥ ይቀየራል።

የፓይተን ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት የፊደሉ አቀማመጥ ተለይቶ ካልተነገረው፣ በብዙ ስሪቶቹ ይህን መለያ ይከተላል። በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ የአማርኛ ፋይል በጅቡቲው አጭር መለያ ሲነበብ የስሕተት ማስታወቂያ አይወጣም። «ሰ» በሦስት ባይቶች የተጻፈች ስለሆነች እንደ ሦስት ምልክቶች ትነበባለች፦ ጭረት ያለባት የላቲን ፊደል፣ የማይታይ የመቆጣጠሪያ ምልክትና የዲግሪ ምልክት። እነዚህ ምልክቶች እንደገና በዩቲኤፍ-8 ተጽፈው በዌብሶኬት ይላካሉ። መልእክቱ የደረጃውን ሕግ ስለሚያሟላ ግንኙነቱ አይቋረጥም። የተበላሸው ጽሑፍ በአንድ ቅጽበት ለተሳታፊዎች ሁሉ ይደርሳል፤ አንዱ በዚያው ካስቀመጠውም ትክክለኛውን ይተካል።

ስሕተቱ በሙከራ ጊዜ በቀላሉ አይገኝም። በጅቡቲ አፋርኛም ሶማልኛም በተለመደው አጻጻፋቸው በመሠረታዊ የላቲን ፊደላት ስለሚጻፉ፣ በሁለቱም አቀማመጦች አንድ ዓይነት ሆነው ይነበባሉ። በአፋርኛ ቃላት ብቻ የተፈተነ ሰርቨር ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው የአማርኛ ወይም የዐረብኛ አቻ ፍቺ ሲገባ፣ ወይም ጭረት ያለበት የፈረንሳይኛ ቃል ሲጻፍ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መለያው ምንጊዜም ከዩቲኤፍ-8 ቅጥያው ጋር ይጻፍ፤ በፓይተንም ፋይል ሲከፈት የፊደሉ አቀማመጥ በግልጽ ይጠቀስ። አስፈላጊ ተለዋዋጭ ሲጎድል ፕሮግራሙ በግምት ከመቀጠል ሥራ አለመጀመሩ ይመረጣል። የተለዋዋጭ ዋጋ ሁሉ ጽሑፍ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ «ሐሰት» ተብሎ የተሰጠ ዋጋ ባዶ ስላልሆነ ጥንቃቄ በሌለው ፕሮግራም ዘንድ እንደ «እውነት» ሊቆጠር ይችላል። ሙከራውም ቢያንስ አንድ የግእዝ ፊደል፣ አንድ የዐረብኛ ፊደልና አንድ ጭረት ያለበት የላቲን ፊደል ይያዝ።

የመስክ ጥናት መዝገብ የተናጋሪውን ቀበሌኛ፣ ቦታና ቀን እንደሚይዝ ሁሉ፣ የይለፍ ቃሎች ሳይጨመሩ ጽሑፉ የተሰበሰበበት ሰርቨር የቋንቋ መለያና የፊደል አቀማመጥም አብረው ሊመዘገቡ ይገባል። ከዓመታት በኋላ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ እንግዳ ምልክት የሚያገኝ ተመራማሪ፣ ያየው የቋንቋው ባሕርይ ይሁን የሰርቨሩ ስሕተት የሚለየው በዚያ ማስታወሻ ነው።