አባይን ከዳር ቆሞ ማየት

ከደጀን ተገንጥለው በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ ሲጓዙ፣ በግራዎ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ፣ በቀኝዎ ደግሞ ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው ቁልቁለት አብረውዎት ይሄዳሉ። ኋላ የተቀመጡት ልጆች ስልካቸውን ጥለው ድንገት ዝም ካሉ አይገረሙ። እኛ ይህን የሚያደርገውን ነገር «ግርማ» እንለዋለን። ቃሉ ውበትንም ፍርሃትንም ይዟል።

የቀድሞ ሠዓልያኖቻችን ተራራና ገደልን ለብቻው መሣል አልለመዱም፤ ቦታውን ለቅዱሳኑ ሰጡ። አውሮፓውያኑ ግን ብዙ ደክመውበታል። ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ እ.ኤ.አ. በ1818 ገደማ የሣለውን ሥዕል ምናልባት አይተውት ይሆናል፤ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን፣ ቋጥኝ ላይ ቆሞ፣ ከበታቹ የተነጠፈውን ጉም ያያል። የሥዕሉ ቁመት አንድ ሜትር አይሞላም፤ ጉሙ ግን ማለቂያ ያለው አይመስልም። ኤድመንድ በርክ የተባለው ጸሐፊ ደግሞ ቀደም ብሎ፣ በ1757፣ ነገሩን አስረድቶ ነበር፦ አደጋ አጠገባችን ሲሆን ያስደነግጣል እንጂ አያስደስትም፤ ራቅ ብለን ስናየው ግን ልብ ይማርካል።

በርክን ሞጣ ወስጄ ሰባራ ድልድይን ባሳየው ደስ ባለኝ።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ ጎጃምንና ጎንደርን ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት መሻገሪያው ገመድ ሆነ። ጎበዞች ወዲህና ወዲያ ማዶ ቆመው ገመዱን ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ታስሮ፣ ከአባይ በላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ገበያ የሚሄደውም፣ ዘመድ የሚጠይቀውም እንዲሁ። ራቅ ብሎ ማየት ለእሱ ከየት ይመጣል?

ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 መኪናው ጋራዥ ገብታ ሲጠብቅ መጽሔቱን አገላበጠ። እኛም ጸጉር ቤት ተቀምጠን እንደምናደርገው ማለት ነው። ተደንቆ ገጹን ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈም፤ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፣ በ2002 የተሰበረው ክፍል ተጠገነ። በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። አባይ እንዲህ ነው። በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ጊዜው ፈቅዶ ወደዚያ ከሄዱ ለልጆችዎ ወረቀትና ቀለም ይያዙላቸው። ገደሉን መሣላቸው አይቀርም። ሲጨርሱ፣ ሸክም ይዞ የሚሻገረው ሰው ሥዕሉ ላይ የት እንዳለ ይጠይቋቸው።