ሩቅ ጣቢያን ፍለጋ፦ የአጭር ሞገድ አዳማጮች ዕውቀትና ትጋት

የሬዲዮ ሞገዶች ሁሉ በብርሃን ፍጥነት የሚጓዙ ቢሆኑም የሚደርሱበት ርቀት እንደ ርዝመታቸው ይለያያል። በከተማ የሚደመጠው የኤፍ ኤም ስርጭት ከማሰራጫው ምሰሶ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራና አድማስ ይገቱታል፤ አጭር ሞገድ የሚባለው፣ ማለትም ድግግሞሹ በሴኮንድ ከ3 እስከ 30 ሚሊዮን ጊዜ (ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ) የሆነውና ርዝመቱ ከ100 እስከ 10 ሜትር የሆነው ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ እንደገና ወደ ምድር በመመለስ ውቅያኖስና አህጉር ይሻገራል። በዚህ ሞገድ እጅግ ሩቅ ወይም ደካማ የሆኑ ጣቢያዎችን ፈልጎ መያዝን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች በብዙ አገሮች የሚገኙ ሲሆን፣ ልማዱም «ዲኤክስ» በሚል አጠራር ይታወቃል። ለእነዚህ አዳማጮች ዋናው ጉዳይ የዝግጅቱ ይዘት ሳይሆን ያ ድምፅ ከዚያ ስፍራ፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሰማይ በኩል መድረሱ ነው።

አጭር ሞገድ ለረጅም ርቀት ግንኙነት እንደሚያገለግል በተግባር ያሳዩት በአመዛኙ ለራሳቸው ፍላጎት የሚሠሩ የሬዲዮ አፍቃሪዎች መሆናቸው በሬዲዮ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣው ሕግ አማተሮች፣ ማለትም ያለ ክፍያ በሬዲዮ የሚመራመሩ ግለሰቦች፣ ከ200 ሜትር ባልበለጠ ሞገድ ብቻ እንዲወሰኑ ያደረገው በዘመኑ ባለሙያዎች ዘንድ ያ የሞገድ ክልል እምብዛም ጥቅም የሌለው ተደርጎ ይቆጠር ስለነበረ ነው። ይሁንና በታኅሣሥ ወር 1921 እ.ኤ.አ. ፖል ጎድሊ የተባለው አሜሪካዊ በስኮትላንድ ጠረፍ በምትገኘው በአርድሮሳን ድንኳን ተክሎ፣ ረጅም ሽቦ በአጫጭር እንጨቶች ላይ ዘርግቶ፣ ከአትላንቲክ ማዶ የተላኩ የአማተር ጣቢያዎችን ምልክት ለመስማት በቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በፈረንሳይና በአሜሪካ የሚገኙ አማተሮች 110 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ይህን ካዩ በኋላ ተከተሉ፤ ቢቢሲም ለባሕር ማዶ አድማጮች የሚያስተላልፈውን የአጭር ሞገድ ስርጭት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 1932 ጀመረ።

ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው አዮኖስፌር የሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ሲሆን፣ ይህም ከምድር ገጽ ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ የሚዘልቅ፣ የፀሐይ ጨረር ከአየሩ አተሞች ኤሌክትሮኖችን እያላቀቀ የኤሌክትሪክ ጠባይ የሰጠው አካባቢ ነው። መኖሩን በሙከራ ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ አፕልተን በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1947 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ክፍሉ በንብርብሮች የተከፋፈለ ነው፤ የታችኛው፣ «ዲ» የሚባለው ንብርብር፣ በቀን ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ሞገዶች ውጦ ያስቀራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ስለሚጠፋ ከ5 እስከ 7 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል የሚያሰራጩ ጣቢያዎች ሌሊት ከሩቅ ይሰማሉ። በላይኛው፣ «ኤፍ» በሚባለው ንብርብር የተመለሰ ሞገድ በአንድ ዝላይ እስከ 4000 ኪሎ ሜትር ሊሄድ የሚችል ሲሆን፣ ከ15 ሜጋ ኸርዝ በላይ ያሉት ስርጭቶች በአብዛኛው የሚበረቱት በቀን ነው። ፀሐይም ራሷ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ስለምትለዋወጥ፣ በገጿ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች በሚበዙበት ዘመን የሚያስደስተው ከፍተኛ ድግግሞሽ ነጠብጣቦቹ ሲመናመኑ ዝም ይላል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ማለፉም ለዚህ አገር አዳማጭ የራሱ ትርጉም አለው፤ በዚህ ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር ስለሚናወጥ፣ አንዳንድ ምሽት የሩቅ ጣቢያ ድምፅ በፍጥነት ሲርገበገብ መሰማቱ የሬዲዮው ጉድለት አይደለም።

ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አጭር ሞገድ የሚቀበል ተራ ሬዲዮና ከቤት ውጭ የተዘረጋ ከ10 እስከ 20 ሜትር የሚሆን ሽቦ ብዙ ያስሰማሉ፤ የዛሬው ትልቅ ጠላት የስልክ ቻርጀር፣ የኤል ኢ ዲ አምፖልና የመሳሰሉት ዕቃዎች የሚረጩት ጩኸት ስለሆነ፣ ሬዲዮውን ከመብራት ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ከውድ አንቴና ይበልጥ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። የጣቢያዎች መርሐ ግብር የሚጻፈው ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት በመሆኑ አዳማጩ 18 ሰዓት የሚለውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ብሎ መተርጎም ይኖርበታል። የሰማውን ጣቢያ ድግግሞሽ፣ ሰዓትና የዝግጅት ዝርዝር መዝግቦ፣ የምልክቱን ጥንካሬና ጥራት ከ1 እስከ 5 ባሉ ቁጥሮች ገልጾ ለጣቢያው ይልካል፤ ጣቢያውም ዘገባው ትክክል ሆኖ ሲያገኘው «ኪው ኤስ ኤል» የሚባል የማረጋገጫ ካርድ ይመልስለታል። እነዚህ ካርዶች ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ በቪየና የሚገኝ የሬዲዮ ሰነዶች መዝገብ ቤት በብዛት ሰብስቦ የሚጠብቃቸው ከጠፉ ጣቢያዎች የቀሩ የታሪክ ማስረጃዎች ስለሆኑ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተፈላጊ ጣቢያም፣ ፈላጊ ሕዝብም ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረውና በ1977 በደርግ የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ድምፁን በአጭር ሞገድ ወደ አፍሪካ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ ያደርስ ነበር፤ ከዚያ በኋላም የኢትዮጵያ ሬዲዮና ሬዲዮ ፋና የአውሮፓና የአሜሪካ ዲኤክሰሮች የሚሹአቸው ጣቢያዎች ሆነው ቆይተዋል። በአገር ውስጥ ደግሞ የዶቼ ቬለ የአማርኛ ዝግጅት ከ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአጭር ሞገድ ይደመጡ ስለነበር፣ ሞገድ ሲታወክ ወደ ሌላ ድግግሞሽ መሻገር፣ አንቴናውን በሽቦ ማስረዘም፣ ጣቢያው በደንብ የሚገባበትን የቤቱን ማእዘን መለየት የብዙ ቤተሰብ ዕውቀት ሆነ። ይህ ዕውቀት ከመዝናናት ሳይሆን ከመረጃ ጥማት የመጣ ቢሆንም በጥበቡ ከአውሮፓዊው ዲኤክሰር አያንስም፤ ተጽፎ አለመቀመጡ ግን እውነተኛ ጉዳት ነው።

ጣቢያዎቹ እየቀነሱ መሄዳቸው አይካድም። የካናዳና የኔዘርላንድስ ዓለም አቀፍ ሬዲዮዎች እ.ኤ.አ. በ2012፣ የአውስትራሊያው ደግሞ በ2017 ከአጭር ሞገድ ወጥተዋል፤ የቻይና፣ የሩማንያና የኒውዚላንድ ድምፆች ግን አሁንም በሰማይ ላይ ናቸው። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ያደረገው ተቀባይ ሬዲዮ የሌለውን ሰው ሳይቀር እንዲያዳምጥ ያስችለዋል፤ ሆኖም በራስ ሽቦ፣ በራስ ሰማይ የተያዘ ጣቢያ የሚያስተምረውን ያህል አያስተምርም። ስለዚህ ከጣቢያ የተላከ የቆየ ካርድ፣ ደብዳቤ ወይም ድግግሞሽ የተጻፈበት የማስታወሻ ደብተር በቤቱ የሚገኝ አንባቢ ከመጣሉ በፊት ቀኑንና ስፍራውን ጽፎበት እንዲያስቀምጠው፣ የዚያን ዘመን አዳማጭ ወላጅ ያለውም ምን፣ መቼና እንዴት ያዳምጡ እንደነበር ጠይቆ እንዲመዘግብ ይመከራል።