መዝገብ ጠባቂውን ስለ መምረጥ



ባለፈው ዓመት በቤተ መጻሕፍታችን የመጻሕፍት ካርዶችን ስናስተካክል አንድ መምህራችን መጥተው፣ «ከታሪክ መጻሕፍት መካከል ከሦስት ወር በላይ ሳይመለሱ የቀሩት የትኞቹ ናቸው?» ብለው ጠየቁን። ካርዶቹ በደራሲ ስም ተራ የተደረደሩ ስለ ነበሩ እያንዳንዱን እያነሡ ማየት ግድ ሆነ፤ ሥራውም ሁለት ቀን ፈጀብን። መልሱ በእጃችን ሳለ ልናገኘው አለመቻላችን በጣም አሳሰበኝ።

የመረጃ ቋት የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው ችግር ነው። መዝገቡን አንድ ጊዜ ከጻፉለት በኋላ በደራሲም ሆነ በቀን፣ በተፈለገው መንገድ ለይቶ ያወጣል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የማስረዳው የግል ኮምፒዩተር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ይህ ፕሮግራም እንዴት ይመረጥ እንደ ነበር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ያቀረበው በ1981 ነው። የዚያን ጊዜው ፍሎፒ ዲስኩ የሚይዘው 160 ኪሎባይት ብቻ ነበር። አንድ ካርድ 200 የላቲን ፊደላት ቢኖሩት፣ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ስለሚወስድ፣ በአንድ ዲስክ የሚገባው 800 ያህል ካርድ ነው። ስለዚህ የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት መዝገብ አለኝ?» የሚል መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው ጥያቄ «መዝገቦቼ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉን?» የሚለው ነው። ፒ ኤፍ ኤስ ፋይል የተባለው ፕሮግራም በ1980 ለአፕል ቱ ኮምፒዩተር ወጣ፤ በኋላም ለአይ ቢ ኤም ተዘጋጀ። ባለቤቱ በስክሪኑ ላይ ቅጽ አዘጋጅቶ ይሞላል፤ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልገውም። ነገር ግን የተበዳሪዎችን መዝገብ ከመጻሕፍቱ መዝገብ ጋር ማያያዝ አይችልም ነበር።

ዲቤዝ ቱ ግን ሁለት መዝገቦችን በአንድ ጊዜ ይከፍታል። አንዱ ፋይል እስከ 65,535 መዝገብ፣ እያንዳንዱም መዝገብ እስከ 32 ክፍል ይይዛል። የፕሮግራሙ አባት ዌይን ራትሊፍ ሥራውን በ1978 የጀመረው በመሥሪያ ቤቱ በሚደረገው የአሜሪካ እግር ኳስ ውርርድ ለማሸነፍ አስቦ ነበር። አሽተን ቴት የተባለው ኩባንያ ዲቤዝ ቱ ብሎ በ695 ዶላር ሸጠው፤ «ቱ» ሁለት ማለት ቢሆንም ከእርሱ በፊት አንደኛ የሚባል አልነበረም! ይሁን እንጂ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ አሳይቶ ዝም ብሎ ትእዛዝ ስለሚጠብቅ፣ የትእዛዙን ቃላት ያላጠና ሰው ምንም ሊያሠራው አይችልም ነበር። እንግዲህ ትንሽ መዝገብ ላለው ቀላሉ፣ ብዙና የተያያዘ መዝገብ ላለው ከባዱ ይሻል ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ እርሱም «መዝገቤን ነገ ከዚህ ማውጣት እችላለሁን?» የሚል ነው። አሽተን ቴት በ1991 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ሆኖም በ1984 የወጣው ዲቤዝ ስሪ የተጠቀመበት የፋይል አጻጻፍ በብዙ ሌሎች ፕሮግራሞች ስለ ታወቀ ዛሬም ይከፈታል፤ የካርታ ሠራተኞች እንኳ ይገለገሉበታል። ኩባንያው አልፎ መዝገቡ ቀረ። ሌላ ፕሮግራም በማያነበው አጻጻፍ የተቀመጠ መዝገብ ግን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይጠፋል።

እኛም ዛሬ የቤተ መጻሕፍታችንን ካርዶች ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ስናስብ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመን እንጠይቅ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። የሚወረሰው ግን ወራሹ ከፍቶ ሊያነበው ሲችል ብቻ ነው።